የገጠሩ ተማሪ ከኮምፒዩተር ጋር የሚተዋወቀው በፈተና ዕለት መሆን የለበትም

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱ ይታወቃል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ መንገድ የተፈተኑት ተማሪዎች ቁጥር ጨምሯል። የፈተና ወረቀት አትሞ፣ በመኪና ጭኖና በጥበቃ አጅቦ እስከ ዳር አገር ማድረስ የሚያስከትለውን ወጪና የስርቆት ሥጋት ላሰበ ሰው እርምጃው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በቤቱ መብራት፣ በትምህርት ቤቱም የሚሠራ ኮምፒዩተር የሌለው የገበሬ ልጅ ማውስ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሚጨብጠው ዕጣው በሚወሰንበት ሰዓት ከሆነ፣ ፈተናው የሚመዝነው ዕውቀቱን ብቻ አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሩ ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን፣ በመሣሪያው ግራ ተጋብቶ የሚባክን አሥር ደቂቃ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ኮምፒዩተር ወደ ገጠር ጨርሶ አልሄደም ማለት አይቻልም። ችግሩ ከሄደ በኋላ የሚሆነው ነው። መሣሪያዎቹ በአንድ ክፍል ይደረደሩና በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከርእሰ መምህሩ ኪስ ይገባል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ንብረቱ ቢበላሽ ተጠያቂው እርሱ ነውና። ተማሪው ግን የኮምፒዩተርን ክፍሎች ስም ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ ገልብጦ፣ በቃሉ አጥንቶ ክፍሉን ያልፋል። ዋና እንዲህ ሲማር የታየ ሰው የለም!

ሕፃናት መምህር ባይኖርም ራሳቸው ይማሩታል የሚሉ ወገኖች አሉ። ለዚህም በ2004 ዓ.ም. በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት በታሸገ ሣጥን ታድሎ የተደረገውን ሙከራ ይጠቅሳሉ። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን በራሳቸው ማስነሳታቸው፣ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ማስከፈታቸው በጊዜው ብዙ ተወርቶለታል። ያልተወራው ሌላው ወገን ነው። ባትሪ የሚሞላ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ አብሮ ተተክሎ፣ አጠቃቀሙም ለአዋቂዎች ተነግሮ ነበር፤ በየሳምንቱም የሜሞሪ ካርዱን የሚለውጥ ባለሙያ ይመላለስ ነበር። ኃይልና የሚመላለስ ሰው ባይኖሩ ኖሮ የልጆቹ ብልሃት ከባትሪው ጋር አብሮ ባለቀ ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መልካም ዓላማ ያለው ነው። ሆኖም በኢንተርኔት የሚሰጥ እንደመሆኑ በቅድሚያ የሚጠቅመው መሣሪያና መስመር ያለውን ወጣት መሆኑ አያጠያይቅም።

አገሪቱ በዚህ ረገድ ልምድ የላትም እንዳይባል፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አለ። ያ ዘመቻ በዘመኑ የነበረበት ጉድለት እንዳለ ሆኖ፣ ጥቂት ያወቀው ምንም ላላወቀው እንዲያስተምር አድርጓል፤ ትምህርቱም መጀመሪያ በ5፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተር የለመዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቀዬአቸው ይመለሳሉ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያዎችም በብዙ ቀበሌዎች ተሠርተዋል። ጥቂት ኮምፒዩተሮችንና የፀሐይ ኃይል መሣሪያን ከእነዚህ ጋር ማገናኘት ከአዲስ ሕንፃ ግንባታ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።

ሰዓቱም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ሥልጠናው ለቅዳሜ ከተቀጠረ፣ በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅ በዚያ ቀን ስንቅ ሊያመጣ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ወደ ማታ ከሆነም ልጃገረዶች ይቀራሉ፤ ውኃ መቅዳቱ ይጠብቃቸዋል፤ ከመሸም በኋላ መንገዱ ያሠጋቸዋል። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ከሁሉ የሚሻለው ተማሪው ክፍል የማይገባበት ግማሽ ቀን ነው። ያን ጊዜ የኮምፒዩተሩ ክፍል ክፍት ይሁን፤ ለሚበላሸውም መጠገኛ የሚሆን በጀት ይያዝ፤ ርእሰ መምህሩም በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ብልሽት አይጠየቅ።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በሪፖርታቸው የሚያሰፍሩት የኮምፒዩተሮችን ብዛት ብቻ ከሆነ ሁኔታውን አያሳይም። የሚቀጥለው ፈተና ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ተፈታኝ ስንት ሰዓት ከኮምፒዩተር ፊት እንደተቀመጠ በስሙ ይመዝገብ።