ገና ላልታመመ ሰው

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። የክርክሩ ምክንያት በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በየዓመቱ በኦገስት መጀመሪያ የሚደረገው ፓን ማስ ቻሌንጅ የተባለው የብስክሌት ጉዞ ነው። ከ6,000 በላይ ሰዎች ይሳተፉበታል። ረጅሙን መንገድ የመረጡት ሁለት ቀን ሙሉ ነድተው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ፕሮቪንስታውን ከምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ነጂ ስለ ነቀርሳ በሽታ ለሚደረገው ምርምር የሚውል ገንዘብ ከወዳጅ ዘመድ ሊሰበስብ ቃል ገብቶ ነው የሚነሣው።

አንዱ ጓደኛችን ሣቀና፣ «ገንዘቡን ዝም ብለው አይሰጡም? ነቀርሳ በፔዳል ይድናል እንዴ?» አለ። ሌላውም፣ «የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ብሎ ደመደመው። በዚያ ምሽት የረባ መልስ አልሰጠሁም፤ አሁን ግን ልሞክር።

እኛ ደግነት የጎደለን ሕዝብ አይደለንም። ጎረቤት ታሞ «ለሕክምናው አዋጡ» ሲባል እጁን የማይዘረጋ ጥቂት ነው። ሲሞትም እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው የምንሰጠው ለምናውቀው ሰው ነው፤ ያውም ከታመመ ወይም ከሞተ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ምርምር የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ልግስና ነው፤ ገና ላልታመመ፣ ስሙን ለማናውቀው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደ ሰው መስጠትን። ለእንዲህ ያለው ሰው ማን ያዝንለታል?

ይህ ልግስና ፍሬ እንዳለው የሚያስረዳ ታሪክ በዚያው ግዛት፣ በቦስተን ከተማ ተፈጽሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1947 ዶክተር ሲድኒ ፋርበር የደም ነቀርሳ የያዛቸውን ሕፃናት በአዲስ መድኃኒት ማከም ጀመረ። አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት የሠራው ቡድን መሪ ሕንዳዊው ሊቅ የለፕራጋዳ ሱባራዎ ነበር። ፋርበር በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ከ16 ሕፃናት 10ሩ እንደ ተሻላቸው ገለጠ። መሻሉ ግን ጊዜያዊ ነበር፤ በሽታው ተመለሰ። የዕለቱን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ዛሬ ግን በሀብታሞቹ አገሮች፣ በሕፃናት ላይ አዘውትሮ የሚታየው የደም ነቀርሳ ከሚይዛቸው 10 ልጆች 9ኙ ያህል ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ። በ1948 የሰጡት ሰዎች የሰጡት ለእነዚህ ነበር።

ለምንስ ሰጡ? በዚያው ዓመት «ጂሚ» ተብሎ የተጠራ የ12 ዓመት በሽተኛ ልጅ ከሆስፒታል አልጋው ሆኖ በራዲዮ ሲናገር ስለ ሰሙ ነው። ከ200,000 ዶላር በላይ ተዋጣ። ምርምር ድምፅ አገኘ።

ብስክሌቱም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቢሊ ስታር የተባለው ሰው እናቱን በ1974 ነቀርሳ ነጠቀው። በ1980 ጉዞውን ሲጀምር ነጂዎቹ 36 ነበሩ፤ የሰበሰቡትም 10,200 ዶላር ነበር። በ2024 ግን የዓመቱ ብቻ 75 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ የጠቅላላውም ድምር ከ1 ቢሊዮን አለፈ። ገንዘቡ የሚገባው በፋርበር ስም ለሚጠራው ለዳና ፋርበር የነቀርሳ ተቋም ነው። ስሙ የማይታወቀውን በሽተኛ የማያውቅ ሰው የአክስቱን ልጅ ያውቃል። የአክስቱ ልጅ፣ «እኔ 300 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ አንተስ?» ሲለው ዝም ብሎ ማለፍ ያሳፍራል። ላቡ ለልመናው መያዣ ነው። ቃል የገባውን ያህል ያልሰበሰበም ጉድለቱን ከራሱ ኪስ ይሞላል። የዝግጅቱ ወጪ በሌላ መንገድ ስለሚሸፈን፣ ነጂዎች የሰበሰቡት አንድም ሳይቀነስ ለተቋሙ ይደርሳል። እንግዲህ ጓደኛዬ ሆይ፣ ዝም ብሎ የሚሰጥ ሰው አንድ ሰው ነው፤ የሚነዳው ግን ብዙ ሰጪ አስከትሎ ይመጣል።

የሁለተኛው ጓደኛዬ ነቀፋ ግን ይከብደኛል። በዚያ ጉዞ ረጅሙን መንገድ ለመንዳት ብዙ ሺህ ዶላር መሰብሰብ ግዴታ ስለ ሆነ፣ ደሃ ወዳጆች ብቻ ላሉት ሰው በሩ ጠባብ ነው። ደግሞም በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። «ሕክምናው ሳይዳረስ ምርምር ቅንጦት ነው» ቢባል ምን ይመለሳል?

እኔ ይህን እመልሳለሁ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳዎች ናቸው። ብዙዎቹም ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከጸና በኋላ ነው። ለምን? ገንዘብ አጥተው ነው? መንገዱ ርቆ ነው? አፍረው ነው? ወይስ በመጀመሪያ ያያቸው ጤና ጣቢያ ሳያውቅላቸው ቀርቶ? ይህን የቦስተን ላቦራቶሪ አይመልስልንም። መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። ለዚህም ምርምር የሚያስፈልገው መዝገብ፣ የመኪና ኪራይና ታግሦ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ይህ ቅንጦት ከሆነ ቅንጦት ያልሆነው ምንድን ነው?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ቀን እንሂድ፤ በማግሥቱ እንመለስ። መሄዱ ቁልቁለት ስለ ሆነ ብዙ አያስመሰግንም፤ ለመለመን የሚያበቃን ዳገቱን መመለሳችን ነው። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ቃል ይግባ፤ ብስክሌት የሌለው ተውሶ ይንዳ፤ የማይነዳው ውኃ ያቀብል። የገባውና የወጣው ሒሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘቡም ሴቶቹ ለምን እንደሚዘገዩ ለሚያጠኑ የሕክምና ተማሪዎችና መምህሮቻቸው ይሰጥ።

ያ የሣቀው ጓደኛዬ የጎረቤት አልጋ ነው። የመጀመሪያውን ብር የምጠይቀው እርሱን ነው።