የሞተር ብስክሌት ብቃት በፍጥነቱ ብቻ አይመዘንም

ወጣቶች ስለ ሞተር ብስክሌት ሲወያዩ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ ባይሆንም የመሣሪያውን ጠባይ ለመመርመር በቂ አይደለም። በእኔ አስተያየት ሊቀድም የሚገባው «ጉልበቱ ለነጂው የሚታዘዘው መቼ ነው?» የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤም.ቲ. 07 የተባለ መካከለኛ ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ነፋስ የሚከላከል ሽፋን ስለሌለው ሞተሩ ከውጭ ይታያል። ሞተሩ ሁለት ሲሊንደርና 689 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት አለው፤ ኃይሉ ወደ 75 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል፤ ክብደቱም ነዳጅ ተሞልቶ ከ180 ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም።

ይኸው ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ይሠራው የነበረው አር 6 ግን የውድድር ጠባይ ያለው ሲሆን፣ በ599 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሞተር ወደ 120 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቁጥሩን ብቻ ካየን አር 6 ይበልጣል። ይሁን እንጂ ሙሉ ጉልበቱ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 13,000 ዙርና ከዚያ በላይ ሲሽከረከር ነው፤ ይህም ለውድድር ሜዳ እንጂ ለዕለት መንገድ አይመችም። ኤም.ቲ. 07 ከፍተኛውን የማሽከርከር ኃይል በ6,500 ዙር ስለሚያገኝ፣ ከቆመበት ሲነሣም ሆነ ከኩርባ ሲወጣ ፈጥኖ ይታዘዛል።

«ሽፋን ማጣቱስ ጉድለት አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። በእርግጥ በረጅም ጉዞ ነፋሱ ነጂውን ያደክማል። ነገር ግን ያው ነፋስ ደረቱን እየገፋ ፍጥነቱን ያስታውሰዋል። ማስታወሻውም ያስፈልገዋል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ገና ፍሬን ሳይዝ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 28 ሜትር ያህል ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ጉልበትም በደረጃ ሊለመድ ይገባዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኤ 2 የተባለውን መንጃ ፈቃድ የያዘ ወጣት ከ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ47 ያህል የፈረስ ጉልበት በላይ ያለውን ሞተር ብስክሌት እንዲነዳ አይፈቀድለትም። ለዚህም ሲባል ኤም.ቲ. 07 በዚሁ ልክ ተገድቦ ተሠርቷል።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ሞተር ብስክሌት ስታዩ ፍጥነቱን ብቻ አትጠይቁ። መልካም ሞተር ብስክሌት በነጂው ፈቃድ የሚሮጥ፣ በነጂውም ፈቃድ የሚቆም ነው።