የተገዛ ታሪክ ያስባርራል

መቼም ስደትም ገበያ አለው። አሜሪካ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ «ኬዝ ጸሐፊ» የሚባል ሰው አለ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ከሚጽፉልን ራፖር ጸሐፊዎች ጋር እንዳታምታቱት! ይኼኛው ያልታሰረውን «ታስሯል»፣ ያልተገረፈውን «ተገርፏል» ብሎ ይጽፍና ዶላሩን ይቆጥራል።

ፎርሙ ላይ የሚምለው ግን ባለጉዳዩ ነው። የአሜሪካ ሕግ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሳለ ሆን ብሎ በፈጠራ ታሪክ ጥገኝነት የጠየቀን ሰው፣ ግሪን ካርድን ጨምሮ ከኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘለቄታው ያግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር፣ አገሪቱ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ያላመለከቱትን በሩን ይዘጋባቸዋል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ አያቆምም። ታዲያ ቀኑ የገፋበት፣ ኪሱ የሳሳ ሰው የት ይሂድ? ኬዝ ጸሐፊው ዘንድ!

እኔን የሚያንገበግበኝ በእርግጥ ታስሮና ተደብድቦ የወጣው ነው። ዳኛው ያንኑ የተባዛ ታሪክ ሲሰማ ከርሞ የሱን እንዴት ይመነው?

እኛም እዚህ ሆነን በስልክ «የእገሌ ኬዝ አለቀ፤ ያንተስ?» እያልን ባናጣድፍ ምን አለበት? ይልቅ እንጠይቅ፦ የያዘልህ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው? ወይስ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ? ፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን የነፃ ጠበቆች ዝርዝርስ ወስደሃል?

ለነገሩ ከዚህች አገር ለሚሰደድ ሰው የራሱ እውነት መች አነሰውና የሰው ታሪክ ይገዛል?