ኳሱን አትሳሉት

የልጅነት መጫወቻን ርዕስ ያደረገ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ስገባ መጀመሪያ የማየው የሥራዎቹን ጠርዝ ነው። ሸራው ላይ የካልሲ ኳስ ተስሎ፣ ዙሪያውን ቁራጭ ጨርቅና ቆርኪ ተለጥፎበት፣ በቫርኒሽ ሲያብረቀርቅ ካየሁ አልፌ እሄዳለሁ። ጠርዙ ላይ ከአንድ ስስ ቀለም በቀር ምንም የለማ! በእኔ እምነት የካልሲ ኳስ ለሠዓሊ የሚጠቅመው በአሠራሩ ነው። መልኩማ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አያምርም።

ይህን የምለው ኳስ ሰፊ ስለነበርኩ ነው። በሰፈራችን ወንዶቹ ይጫወታሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ሴት ልጅ ሜዳ አትገባም ተብሎ እንጂ በረኛነቱስ አያቅተኝም ነበር። ፌስታል ተጨምቆ ይጨበጣል፤ በላዩ የተቀደደ ቲሸርት ወይም የፍራሽ ስፖንጅ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በሲባጎ ይታሰራል። ሲባጎው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ከዞረ ኳሱ ይሞላለላል። የታሰረው ካልሲ ውስጥ ይገባና የካልሲው አንገት ተጠምዝዞ ይገለበጣል፤ ካልሲው እስኪያልቅ እንዲሁ እየተጠመዘዘ ይገለበጥና መጨረሻ ላይ በመርፌ ይሰፋል። ሙጫ የሚባል ነገር አያውቀውም። እርስ በርሱ ተወጣጥሮ ነው የቆመው፤ ከላላ በመጀመሪያው ምት አንጀቱ ይዘረገፋል። ሲያረጅም አይጣልም፣ ሌላ ካልሲ ይደረብበታል። የከረመ ኳስ ቢቀደድ ከታላቅ ወንድሜ የትምህርት ቤት ካልሲ ሥር የአባቴ ቡናማ ካልሲ፣ ከሱ ሥር ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሹራብ እጅጌ ይወጣል።

ዛሬም ሥዕል የምሠራው እንደዚያው ነው። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ እወጥራለሁ፤ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ያለቀ ነጠላ፣ ፌስታልና ጋዜጣ እየደራረብኩ በጆንያ መርፌ ከላይ እስከ ታች እወጋዋለሁ። ከዚያ በምላጭ እየሰነጠቅሁ የታችኛውን አወጣለሁ። ፌስታል ላይ አክሪሊክ ቢቀቡት ሲደርቅ ተልጦ ይነሳል፤ ስለዚህ ፌስታሉን የሚይዘውም የሚያስጌጠውም ክሩ ነው። ከላይ የሚታየው ጉብታ ከሥር ባስቀመጥኩት ነገር የመጣ እንጂ በብሩሽ የተፈጠረ አይደለም።

አንድ የውድድር ዳኛ ይህን አይቶ «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ መልሶልኛል። ስፌት ከሥዕል የሚያንስ የሚመስላቸው የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ጠጋ ብለው ይዩ። በ1982 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ ሠዓሊ መርፌና ክር ይዞ ሸራ ላይ ሲሰፋ ኖሯል፤ አዝራርም ቆርኪም ተጠቅሟል። በኋላም ከመርካቶ የሚሰበስበውን የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ እየጎነጎነ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሥራዎች ሠርቷል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላሉ፤ ሲጠጉ ሽቦው ሽቦነቱን አልደበቀም። ዕቃውን በቀለም ሸፍኖ ሌላ ነገር ለማስመሰል አይደክምም፤ እኔም የምወድለት ይህንን ነው።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። ቀለምና ብሩሽ አልተገዛም እየተባለ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ቀለሙ እስኪመጣ ልጆቹ ከየቤታቸው ብጣሽ ጨርቅና ያረጀ ካልሲ ይዘው ይምጡ። አያቶቻቸው ቢመጡ ደግሞ የበለጠ ያስተምሯቸዋል። ኳሱን ሠርተው ይጨርሱ፤ ከዚያ አንዱን በምላጭ ለሁለት ከፍለው ውስጡን ያጥኑ፤ የንብርብር ሥራን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ መማሪያ አላየሁም። ማርክ አሰጣጡም አያስቸግርም፤ መምህሩ ሜዳ ወጥቶ አንዴ በደንብ ይለጋው፤ ካልተፈታ ተማሪው አልፏል።