ባሮ አጠገብ ተቀምጦ ወንዝን ከመጽሐፍ መማር

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከተማራችሁት የህብረተሰብ ትምህርት ዛሬ ምን ትዝ ይላችኋል? የብዙዎቻችን መልስ ተመሳሳይ ነው፦ የተራራ ከፍታ፣ የወንዝ ርዝመት፣ የድንበር ስም። ሸመደድን፣ ፈተና ላይ አራገፍን፣ ረሳን።

ይሄ የትም ቦታ ያሳዝናል። ጋምቤላ ላይ ግን ከማሳዘንም አልፎ ያስከፍላል። ለምን መሰላችሁ? ጋምቤላ ራሷ የጂኦግራፊ መማሪያ ክፍል ናት። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱት ብርብርና ገባ ተገናኝተው የፈጠሩት ባሮ በአጠገቧ ያልፋል፤ ከዚያ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይሆንና ነጭ ዓባይን ይገናኛል። ኑዌር፣ አኙዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞና ከሌላ አካባቢ የመጣው ሰው አብረው ይኖራሉ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ከ300 ሺህ ትንሽ በለጥ ያለ ነበር። ከደቡብ ሱዳን የመጡት ስደተኞች ደግሞ በቅርብ ዓመታት ብቻቸውን ከ300 ሺህ በላይ ሆነዋል። ወንዝ፣ ድንበር፣ ፍልሰት፣ ንግድ፣ ጎርፍ፣ ሁሉም ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ተማሪው ግን አጥር ውስጥ ሆኖ ትርጉማቸውን ከሰሌዳ ይገለብጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛ፣ ዱላ። አንድ ሜትር ዱላ ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መትከልና ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት ማድረግ። ጥላው በጣም የሚያጥረው መቼ ነው? «6 ሰዓት ላይ» ብሎ የሚገምት ተማሪ ይደነግጣል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጋምቤላ ውስጥ ጥላው የሚያጥረው 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው አገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ አካባቢ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ ምዕራብ ለመድረስ ጊዜ ይወስድባታል። እዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ይታያል፦ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ሊጠፋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ያርፋል። አሁን ስልካችሁን አውጡ። ጅግጅጋ ያለ ትምህርት ቤት በዚያው ቀን ተመሳሳይ ዱላ ተክሎ ውጤቱን በቴሌግራም ቢልክ፣ ልዩነቱ 33 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስምንት ዲግሪ ከፍ ያለ የኬንትሮስ ርቀት አለ ማለት ነው። ኬንትሮስ የሚባለው ነገር በቃ ገባ።

ሁለተኛ፣ የውሃ ፕላስቲክ። አናቱ ተቆርጦ እንደ ማጥለያ ተገልብጦ ይገባበታል፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይለጠፋል፤ ታችኛው ጎርባጣ ክፍል እስከ ዜሮው መስመር ውሃ ይሞላል። ዝናብ መለኪያ ሆነ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ 10 ሺህ ሊትር። ከዚህ ጎን ለጎን መምህሩ ድንጋይ የታሰረበት፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከድልድዩ ላይ ወደ ባሮ እያወረደ የውሃውን ከፍታ ይመዝግብ። ልጆቹ ወንዙ ዳር እንዳይወርዱ ነው፤ አዞውን ለጋምቤላ ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ የሚገርም ነገር ይወጣል። ጋምቤላ ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ የሚጨምርባቸው ቀናት አሉ። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነዋ! «ተፋሰስ» የሚለው ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ከትርጉምነት ወደ ማስጠንቀቂያነት ተለወጠ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የሌይቹር የስደተኞች ካምፕ በዚያው ዓመት ክረምት በጎርፍ ተዋጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ነዋሪዎቹን ወደ ጄዊና ወደ ሌላ ካምፕ ማዛወር ግድ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃም ባሮ ሞልቶ ከተማዋ ድረስ ገብቷል። ሜዳው የት ጋ ዝቅ እንደሚል፣ ውሃው ባለፈው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የ14 ዓመት ልጅ ለቤተሰቡ ከማንኛውም የፈተና ነጥብ በላይ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ገበያ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነጋዴ ጋ ሄዶ ስለ አንድ ዕቃ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከየት መጣ? በምን መጣ? መንገድ ሲዘጋ ዋጋው ስንት ይገባል? ዓሣው ከባሮ፣ በቆሎው ከአካባቢው፣ ጤፉና ሽንኩርቱ ከደጋ። መልሱን ካርታ ላይ በክር ሲያገናኙት የዋጋ ንረት ከዜና ወርዶ መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክልሉ በብሔር ግጭት ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ስለ ዕቃው ይሁን እንጂ ስለ ሻጩ ማንነት አይሁን። ካርታው በራሱ የሚናገረው አለ፦ የአንዱ ምሳ በሌላው እጅ አልፎ ነው የሚመጣው።

አራተኛ፣ እግር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ስምምነት፣ ባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ፊት ያለው የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ ተፈቀደ። የጋምቤላ ወደብ በዚህ ተወለደ። ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ ከጎሬ በበቅሎ የወረደው ቡና በእነሱ ይጫን ነበር። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። 2,000 ሜትር ስንት ነው? የአንድ ተማሪ እርምጃ 65 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 3,000 እርምጃ ገደማ። ይራመዱትና ይዩት። መርከቡ ለምን በጋ ላይ እንደማይመጣ ደግሞ የገመዱ መዝገብ ይነግራቸዋል።

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ማን ጊዜ አለው?» የሚል መምህር እውነት አለው። ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ ነው፣ መጽሐፉ ማለቅ አለበት፣ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቃል። ኢኮኖሚክስ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰው የሚለካበትን ነገር እንደሚሠራ ነው። ፈተናው ስም ከጠየቀ መምህሩ ስም ያስተምራል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ መምህሩን መምከር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መለኪያው መቀየር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ተግባርና ክህሎት ላይ አተኩራለሁ ይላል። እንግዲያው ከተከታታይ ምዘናው 20 ነጥብ ለመስክ ሥራ ይሰጥ። ክልላዊ ፈተናውም የዝናብና የወንዝ ሰንጠረዥ አቅርቦ «ጎርፉ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቅ።

የሽምደዳው ውጤትም አይታ ያለው አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዱላና ገመድ ብቻቸውን አይፈቱትም። ግን «ጊዜ ቆጠብን» ብለን ያለፍነው ትምህርት ምን እንዳተረፈልን ቁጥሩ ያሳያል።

የቋንቋውም ነገር አለ። ጋምቤላ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ወንዙን ቤቱ ውስጥ ኦፔኖ እያለ ያደገ የአኙዋ ልጅ፣ ስለዚያው ወንዝ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ አንቀጽ ሲሸመድድ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ይሆናል። ገመዱን ሲያወርዱ ካየ በኋላ ግን ቃሉ የሚያርፍበት ነገር አለው።

ከየት ይጀመር? ጋምቤላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ዕጩ መምህራኑ ተማሪ ፊት ከመቆማቸው በፊት ራሳቸው ዱላውን ይትከሉ፣ ገበያውን ይጠይቁ። ትምህርት ቤት የምታስተምሩ አንባቢዎች ደግሞ በአንዱ ብቻ፣ በዝናብ መለኪያው ጀምሩ። ወጪው አንድ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከተሰቀለ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ባሮ ሳይሞላ ደብተር ላይ ይሰፍራል።