ላም አለኝ በሰማይ፦ ገና ስለሚወጡት የእጅ ጌሞች



በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓትና ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙም ይባላል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ከነዚህ ያነሰ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም በእጅ ይዘን ስለምንጫወታቸው የቪዲዮ ጌሞች፣ በተለይም ገና ሳይወጡ «ሊወጡ ነው» እየተባለ ስለሚወራላቸው ነው። «ወላጆቻችሁ ለዚህ ነው ወይ የላኳችሁ?» የሚሉ መምህር ቢኖሩ አንቀየምም፤ ነገር ግን እርሳቸውም በልጅነታቸው ገበጣ ሳይጫወቱ አድገው እንደሆነ በትሕትና እንጠይቃለን። ደግሞም ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የተስፋ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም በተማሪ ዘንድ ተርፈው አያውቁም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። እኛ በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር ስድስት ተማሪዎች ነን። በመካከላችን አንድ ኒንቴንዶ ስዊች አለ፤ የአንዳችን እኅት ከአሜሪካ ለዕረፍት ስትመጣ ያመጣችልን ነው። መብራት ጠፍቶ በአዳራሹ ያለው ትልቁ ቴሌቪዥን ዝም ሲል፣ እርሱ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ይሠራልና ስድስታችንም በአንድ አልጋ ጫፍ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ከጊዜ በኋላ አዲስ ጌም ለመግዛት ከየኪሳችን ማዋጣት ጀመርን። ስሙንም ዕቁብ አልነው፤ ሁሉም የሚከፍልበት፣ ዕጣ ግን የማይወጣበት ዕቁብ ማለት ነው። ገንዘቡ ወደ ሰማንያ ዶላር ሲጠጋ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ከወጡት መካከል መርጠን እንግዛ» ሲል፣ ሌላው ወገን «ሊወጣ ያለውን እንጠብቅ» አለ። ለሦስት ምሽት ተሟገትን፤ ሻይ ተፈላ፣ ሊቀ መንበር ተመረጠ፣ ሊቀ መንበሩም ወገንተኛ ነው ተብሎ ተሻረ።

የጠባቂዎቹ ወገን ተስፋ የጣለበት ጌም «ዘ ደስክብለድስ» ይባላል። ፍሮም ሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በኤፕሪል 2025 (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በ2026 አወጣዋለሁ ብሎ ያስታወቀው ነው። ለማስታወቂያ የታየው አጭር ፊልም በእውነት ያማረ ነበር። በሦስተኛው ምሽት ግን ከሁላችን ዝምተኛው ባልንጀራችን ማስታወቂያውን በጥሞና ሲያነብ፣ ጌሙ የሚሠራው በስዊች 2 ላይ ብቻ መሆኑን አገኘ። የእኛ ደግሞ የመጀመሪያው ስዊች ነው። አዲሱ መሣሪያ በጁን 5 ቀን 2025 ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 449.99 ዶላር ነበር። እንግዲህ በሬ ሳንገዛ ስለ ቀንበሩ ሦስት ሌሊት ተጣልተናል ማለት ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስናስበው የቆየነውን ነው እዚህ የምንጽፈው፤ ፍሬ ነገሩም አጭር ነው፦ የተነገረለት ጌም ገና ጌም አይደለም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተናገሩት ለዚህ ጉዳይ ይመስላል። ለምሳሌ ሜትሮይድ ፕራይም 4ን እንመልከት። በጁን 2017 ጌሙ ሲነገር ለሕዝብ የታየው ስሙና ምልክቱ ብቻ ነበር። እኛ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። በጃንዋሪ 2019 ኩባንያው ብቅ ብሎ፣ የተሠራው ስላላረካው ሥራው ለሌላ ቡድን ተሰጥቶ ከመጀመሪያው እንደሚጀመር ተናገረ። ጌሙ የወጣው በዲሴምበር 4 ቀን 2025 ነው። እኛ በዚህ መካከል ስድስተኛ ክፍልን ጨርሰን፣ ሁለተኛ ደረጃን አልፈን፣ ዩኒቨርስቲ ገብተናል። ከሁላችን የዘገየው ባልንጀራችን እንኳ ከሜትሮይድ ቀድሞ ደርሷል፤ በመዝገብ ቤት ዘንድ ይህ እንዲታወቅለት ይፈልጋል።

የሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የባሰውም በእኛ በወዳጆቹ በኩል ነው። ጌሙ በፌብሩዋሪ 2019 ተነገረ፤ ሠሪዎቹም በአውስትራሊያ አዴሌድ ከተማ የሚኖሩ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ስለሚመጡ ጌሞች የሚነገርበት ፕሮግራም በታየ ቁጥር ወዳጆቹ «ዛሬስ ይነገራል» ብለው ይሰበሰባሉ፤ ሳይነገር ሲቀር ደግሞ በገዛ ሞኝነታቸው ለመሳቅ የሰርከስ አስቂኝ ሰው ፊት የተቀቡ ሥዕሎች ይለዋወጣሉ። ከእኛም መካከል ሥዕሉን ለስልኩ የፊት ገጽ ያደረገ ነበር። እናቱ አይተው «ይህ ማነው?» ቢሉት «እኔ ነኝ» ብሎ መለሰ፤ እርሳቸውም ጸበል ይወስዱት እንደሆነ ጎረቤት አማከሩ።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። መዘግየት ብቻውን ኃጢአት አይደለም። የሲልክሶንግ ሠሪዎች የዘገዩት ሥራው ስለ ጣማቸው እንደ ሆነ ተናግረዋል። በኦገስት 2025 የሚወጣበትን ቀን ሲያስታውቁ ጊዜው የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፤ በሴፕቴምበር 4 ቀን ሲወጣም የሚገዛው ሰው ብዛት የኢንተርኔት መደብሮቹን አጨናነቃቸው። ዋጋውም 19.99 ዶላር ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው። በአንጻሩ በኖቬምበር 2022 የወጡት ፖኬሞን ስካርሌትና ቫዮሌት በሦስት ቀን ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል፤ ነገር ግን ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው በግድግዳ ውስጥ እየገባ ብዙ ተጫዋች አማርሮ ኩባንያውም ችግሩን አምኖ ለማረም ተገደደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንግዲህ የምንነቅፈው ዘግይቶ ማውጣትን ሳይሆን ቀድሞ መለፈፍን ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርቱ ገና ሳይከተፍ ደወል ደውሎ ሰውን ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ የምግብ ቤታችን ተመጋቢዎች ሳይቸገሩ ይመልሱታል።

ሌላው የምንታዘበው ሊመጣ ያለው ሁሉ ከያዝነው ይበልጣል የሚለው እምነት ነው። የእጅ ጌም ታሪክ ራሱ ይህን ያፈርሳል። ጉንፔ ዮኮይ የተባለው የኒንቴንዶ መሐንዲስ በባቡር ሲሄድ ሰልችቶት የሒሳብ ማሽን ቁልፍ የሚነካካ ሠራተኛ አይቶ፣ ከዚያ የኪስ ጌም አሳብ እንደ መጣለት ይነገራል። በ1980 ጌም ኤንድ ዎች ወጣ። በ1989 ደግሞ ጌም ቦይ ተከተለ። የዮኮይ ዘዴ አዲስና ውድ የሆነውን ነገር ትቶ፣ ቆይቶ የረከሰውንና የተፈተነውን ዕቃ በአዲስ አሳብ መጠቀም ነበር። ስለዚህ የጌም ቦይ መስኮት ቀለም አልነበረውም፤ አረንጓዴ የመሰለ ግራጫ ነበር፤ በአራት የባትሪ ድንጋይ ግን ብዙ ሰዓት ይሠራ ነበር። ተፎካካሪዎቹ አታሪ ሊንክስና ሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ሆነው መጡ፤ ስድስት ስድስት ድንጋይ እየበሉም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበቃላቸው ነበር። በመጨረሻ ጌም ቦይ ከባለ ቀለሙ ታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ 119 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። መብራት በሚጠፋበት አገር ለሚኖር ተማሪ ይህን ትምህርት ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንለፍ። ከስዊች 2 ጋር «ጌም ኪ ካርድ» የሚባል አዲስ ዓይነት ካሴት መጥቷል። ካሴቱ እንደ ሌላው ካሴት በሣጥን ይሸጣል፤ ውስጡ ግን ጌሙ የለም፤ ያለው ቁልፉ ብቻ ነው። የገዛው ሰው ጌሙን ከኢንተርኔት ማውረድ አለበት፤ ካወረደም በኋላ ካሴቱን ሳይሰካ አይጫወትም። ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ሰው ይህ የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ነው። ለእኛ ግን ትልልቆቹን ጌሞች ማውረድ ማለት ሌሊት ሌሊት መንቃት፣ የአንድ ሳምንት ምሳ የሚያህል የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት፣ ዘጠና በመቶ ላይ ሲደርስ መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ግድግዳ መምታት ነው። ካሴት ትልቁ ጥቅሙ መዋዋሱ ነበር። ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከወንድም ወደ ታናሽ ይተላለፍ ነበር። ቁልፍ ብቻ የያዘውንም ማዋስ ይቻላል፤ ግን የተዋሰው ሰው እንደ ገና ማውረድ ስላለበት ከካሴቱ ጋር ኢንተርኔቱንም ማዋስ ሊኖርብን ነው። «አይቻልም» እንዳይባል ደግሞ ሳይበርፐንክ 2077 በ2025 ለስዊች 2 ሲወጣ ያ ሁሉ ጌም ሙሉ በሙሉ በካሴቱ ላይ ተጭኖ ቀርቧል። ስለዚህ ገና ለሚወጣ ጌም የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሥዕሉ ያምራልን?» ሳይሆን «ሣጥኑ ውስጥ ነህን?» የሚል እንዲሆን እንመክራለን።

መቼም ተቺ ብቻ ሆነን እንዳንቀር የወደድነውንም እንናገር። በ2022 ፕሌይዴት የሚባል ቢጫ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ወጥቷል። መስኮቱ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሆን በጎኑ እንደ ሥጋ መፍጫ የሚዞር እጀታ አለው። ከመሣሪያው ጋር 24 ትንንሽ ጌሞች በስጦታ ይመጣሉ፤ አመጣጣቸው ግን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ለ12 ሳምንት ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ባለቤቱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣለት አያውቅም ነበር። ጌም «ሊመጣ ነው» ከተባለ እንዲህ በቀጠሮው ይምጣ እንላለን፤ ስምንት ዓመት የሚያስጠብቅ ቀጠሮ የሚያምረው በፍርድ ቤት ነው።

በማርች 2025 ለ2026 ተቀጥሮ የተነገረው አዲሱ ቶሞዳቺ ላይፍም አስደስቶናል፤ በአሮጌው ስዊች የሚሠራ ነውና። በዚህ ጌም የምታውቃቸውን ሰዎች መልክ ሠርተህ በአንድ ደሴት ላይ ታኖራቸዋለህ፤ እነርሱም ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከመካከላችን አንዱ «ይህማ በመኝታ ቤታችን በነጻ አለ» ብሏል። ሌላው ደግሞ አንዳንድ መምህራንን በደሴቱ ላይ ለማስፈር አቅዷል፤ ፈተና እስኪታረም ድረስ ስሙን አንገልጽም።

የዕቁባችን መጨረሻ ምን ሆነ የሚል ቢኖር፣ በአራተኛው ምሽት ታርቀን ሲልክሶንግን ገዛን። ብሩን ለእኅትዬዋ እናት ሰጠን፤ እርሷም በዚያ በካርዷ ከፈለችልን። በዶላሩ ሂሳብ ማሪዮ ካርት ወርልድ ሲወጣ ከተቆረጠለት ከ79.99 ዶላር ሩቡ ብቻ ነው የወጣብን። በመርፌና በክር የምትዋጋዋ ባለ ታሪክ በቀን አርባ ጊዜ ትሞትብናለች፤ ቢሆንም የምትሞተው በእጃችን ላይ ነው እንጂ በማስታወቂያ ላይ አይደለም። የተረፈውም ገንዘብ ተቀምጧል። ከእርሱ የሚወጣው፣ ጌሙ ከወጣ፣ በእኛ መሣሪያ መሥራቱ ከታወቀና ቀድመው የተጫወቱት ከመሰከሩ በኋላ ብቻ ነው። ይህም በስድስታችን ፊርማ ጸድቋል።

ለባልንጀሮቻችን የምንለው ተስፋ አታድርጉ አይደለም። ሲወራ መስማት፣ ሲታይ ማየት፣ ምን ይሆን እያሉ ማምሸት ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ከመኝታ ቤት ደስታዎችም አንዱ ነው። የምንለው ተስፋው ከልብ ይውጣ፣ ገንዘቡ ግን ከኪስ አይውጣ ነው። ላሚቱ ከሰማይ ወርዳ በደጃችን ስትቆም ያን ጊዜ ጊደር ትሁን ወተት ያላት እናያለን። በዚህ የማይስማማ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኛም ተራችንን ስንጠብቅ በአልጋው ጫፍ ተቀምጠን እናነበዋለን።