ካርታው አረንጓዴ ሆነ፣ በረቱ ግን ባዶ ነው

እኛ የሞያሌ ነጋዴዎች ካርታ አንጠላም። የሦስት ወር ዝናብ ብቻ አይቶ «ድርቁ አልፏል» የሚለን ሰው ነው ያንገሸገሸን።

ኤስፒአይ የሚባለው መለኪያ የአንድን ቦታ ዝናብ ከዚያው ቦታ የብዙ ዓመት ልማድ ጋር ያነጻጽራል። ከዜሮ በታች እየራቀ ሲሄድ ካርታው ላይ ቀይ ይሆናል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ነገሩ ያለው የስንት ወር ዝናብ ተደመረ በሚለው ላይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ቦረናና ሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከዳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለ የሦስት ወሩ ካርታ ቶሎ አረንጓዴ ይለብሳል። ላም ግን በካርታ አትወልድም! እርግዝናዋ ብቻ ዘጠኝ ወር ነው፤ ጥጃው ለገበያ እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት። ዱቄትና ስኳር በዱቤ የወሰደው አርብቶ አደር ምን ሸጦ ይክፈለን? እኛስ ለአበዳሪያችን ምን እንስጥ? (እሱ ካርታውን በስልኩ እያሳየ ነው የሚጠይቀን።)

ጥፋቱ ካርታ የሚያወጣው የናይሮቢው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል አይደለም። የሚስማማውን አንዱን መርጦ የሚያነብ ነው። የሦስት ወሩን ስታሳዩን የ12 ወሩንም አብራችሁ አሳዩን። ከጎኑ አንድ ፍየል ዛሬ ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ ጻፉበት፤ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም፣ በስዋሂሊም። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም። ዋጋውን እኛ በየሳምንቱ እንነግራችኋለን።